አሥር ሰርቨር፣ አንድ ቅንብር

ጥቅምት ገብቶ በጅማ ጎማና ጌራ ወረዳዎች ቡናው መቅላት ሲጀምር ሥራ የሚበዛው በመፈልፈያ ጣቢያው ብቻ አይደለም። አሁን አሁን ስልኩን ይዞ ከማሳ ማሳ የሚዞር መዝጋቢም አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ፣ ወደ አባል አገሮቹ የሚገባው ቡና ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት እንዳልመጣ ማስረጃ ይጠይቃል። ማስረጃው የሚጀምረው ከማሳው መገኛ ነው፤ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይዞ መመዝገብ አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር ካልበለጠ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከበለጠ ዙሪያው ይለካል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢገፋም፣ መዝገብ በአንድ ሌሊት ስለማይሞላ ሥራው አስቀድሞ መጀመር አለበት። የጅማ ገበሬ ማሳ አብዛኛው አነስተኛ ነውና መዝገቡ ረጅም ይሆናል፦ የብዙ ሺህ ሰው ስም፣ የብዙ ሺህ ማሳ ነጥብ።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው የሆነ ቦታ በተከራየ ሰርቨር ላይ ነው። ያ ሰርቨር እንዴት እንደሚነሳ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጨመሩ ከመጀመሪያው ጋር እንዴት አንድ ዓይነት እንደሚሆኑ ነው ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት። ነገሩ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፊደላችን ለምንጽፍና በራሳችን ሰዓት ለምንሠራ ሰዎች ከማንም በላይ የሚያስፈልግ እውቀት ነው፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ክላውድ ሲባል በአጭሩ የሌላ ሰው ኮምፒውተር በሰዓት ወይም በሰከንድ ሒሳብ መከራየት ነው። አማዞን ኢሲ2 የሚባለውን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ከፈተ፤ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በ2020 ኬፕታውን ላይ ዳታ ሴንተሮቹን ሥራ አስጀመረ። እኛም ዘንድ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም ያከራያል፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ኩባንያዎች ዳታ ሴንተር ከፍተዋል። ከየትኛውም ብትከራዩ ሰርቨር ለማስነሳት ስትጠይቁ ረዘም ያለ ፎርም ይመጣላችኋል። የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም? ስንት ፕሮሰሰርና ስንት ራም? ዲስኩ ስንት ጊጋ? ፋየርዎሉ የትኛውን በር ይክፈት? በየትኛው ቁልፍ ይገባበታል? ሲነሳ ምን ምን ይጫንበት? ሁሉንም በማውስ እየመረጣችሁ ሞልታችሁ «አስነሳ» ስትሉ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ሰርቨሩ ሥራ ይጀምራል። እውነት ለመናገር፣ ስንት ጊዜ ባየውም የሚደንቀኝ ነገር ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ጅማ ከተማ ሄርማታ መርካቶ አጠገብ ቢሮ ያለው አንድ ቡና ላኪ አለ እንበል። የመጀመሪያውን ሰርቨር ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የተመረቀ አንድ ጎበዝ ልጅ በክረምቱ በእጁ አስተካክሎ አቆመው። ሠራ። ኅዳር ላይ ምዝገባውና የእሸት ቡና ደረሰኙ አንድ ላይ ሲጎርፉ አንድ ሰርቨር አልበቃ አለና ሌላ ተጨመረ። ፎርሙ እንደገና ተሞላ፣ ፕሮግራሙ እንደገና ተጫነ። ሁለቱ መንታ ይመስላሉ። ግን አይደሉም።

እስኪ ቀረብ ብለን እንይ። የፊደላችን ሆሄያት ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ «አባ ጅፋር» ብላችሁ ስትጽፉ አምስቱ ሆሄያት 15 ባይት ናቸው፣ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ አንድ ባይት። የላቲን ፊደል ግን አንዱ አንድ ባይት ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ዳታቤዙ ሲፈጠር ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ተረስቶ አሮጌው የላቲን አጻጻፍ ቀርቶበት ከሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈው የገበሬ ስም ተከታታይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። አንዴ እንዲያ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ መልሶ ማውጣት አይቻልም፤ ስሙ ጠፍቷል።

በጅማ ይህ ስህተት የሚደበቅበት የራሱ ምክንያት አለው። በኦሮሚያ አብዛኛው ምዝገባ የሚካሄደው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ቁቤ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ አዲሱ ሰርቨር በአምስት በስድስት የቁቤ ስም ቢሞከር ሁሉም ልክ ይመጣል፤ ሞካሪውም ተደስቶ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ ስሙን በአማርኛ ያስመዘገበ ገበሬ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚታየው። ያውም በሁለተኛው ሰርቨር በኩል ያለፈው ብቻ! የመጀመሪያው ሰርቨር ላይ የወደቀው መዝጋቢ «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፣ ሁለተኛው ላይ የወደቀው «እኔ ጋ አይሠራም» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ቀጥሎ ፎንት አለ። ለሰርቨር የሚከራየው ኡቡንቱ ቀለል ተደርጎ የሚመጣ ነው፤ ማንም ስክሪኑን ስለማያይ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት አይኖረውም። ፕሮግራሙ ለገበሬው የሚሰጠውን ደረሰኝ በፒዲኤፍ ሲያወጣ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ያልተጫነበት ሰርቨር በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ስም ደህና ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን አይነበብም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ሰርቨር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። እሸት ቡና ሳያድር መፈልፈል ስላለበት ጣቢያዎች በሌሊት ይሠራሉ። ጥቅምት 15 ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የተቆረጠ ደረሰኝ፣ በእኛ ሰዓት በተስተካከለው ሰርቨር 15 ተብሎ ሲመዘገብ፣ ባልተስተካከለው 14 ይላል። ከአንድ መኪና የወረደ ቡና ሁለት ቀን ያዘ ማለት ነው። የዕለት ዋጋ በሚለዋወጥበት ንግድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እነዚህ ሦስቱ ችግሮች የተፈጠሩት ማንም ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሰው ፎርም በእጁ ደጋግሞ ሲሞላ አንዱን ይዘላል፤ በተለይ ሥራ በተጣደፈበት ሰሞን። ከዚያ ደግሞ በየጊዜው ገብቶ «ይቺን ብቻ ላስተካክል» ይላል፣ ያስተካከለውንም የትም አይጽፍም። ሰርቨሮቹ እየዋሉ እያደሩ ይለያያሉ።

መፍትሔው ፎርሙን አንድ ጊዜ ሞልቶ፣ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ነው። አማዞን ይህንን «ላውንች ቴምፕሌት» ብሎ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 አወጣው። ምን ዓይነት የሲስተም ኢሜጅ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ቅጂ)፣ ምን መጠን ያለው ማሽን፣ የትኛው ዲስክ፣ የትኛው ፋየርዎል፣ ሲነሳ የሚሠራው ትእዛዝ፣ ለሒሳብ መለያ የሚሆነው ምልክት፤ ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ሰርቨር ለማስነሳት «ከዚህ ቴምፕሌት ሁለት ስጠኝ» ማለት ብቻ ነው። ሰው ባይኖርም ጭነቱ ሲበዛ ሲስተሙ ራሱ ከዚያው ቴምፕሌት ሊጨምር፣ ሲቀንስ ሊያጠፋ ይችላል። ከዚያ በፊት ለዚሁ ሥራ ያገለግል የነበረው «ላውንች ኮንፊገሬሽን» የሚባል ዘዴ ነበር፤ ቨርዥን አልነበረውም። አማዞንም ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለሚከፈቱ አካውንቶች ዘግቶታል። የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ የምትማሩ ካላችሁ ይህንን ልብ በሉ።

ከሁሉም በላይ የምወደው የቨርዥኑን ነገር ነው። የቴምፕሌት ቨርዥን 1 አንዴ ከተቀመጠ አይነካም። ማሻሻል ስትፈልጉ ቨርዥን 2 ትፈጥራላችሁ፤ ቨርዥን 1 እንዳለ ይቀመጣል። ይህንን አሠራር ጅማ ከኮምፒውተሩ በፊት ታውቀዋለች። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ፣ ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከየጫካውና ከየገበሬው ማሳ መርጦ በቁጥር ሰየማቸው። 74110 እና 74112 ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ በ1974 የተመረጡ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱን ያመለክታሉ። አረቢካ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚያፈራ ዘሩ እናቱን ይመስላል። ስለዚህ ዛሬ አጋሮ ላይ ችግኝ የሚገዛ ገበሬ «74110 ነው» ሲባል ምን እንደሚያበቅል ያውቃል። ማንም 74110ን አሻሽሎ በዚያው ስም አይሸጥም፤ የተሻለ ሲገኝ ሌላ ቁጥር ይወጣል። ቴምፕሌትም ልክ እንደዚሁ ነው፤ «ይህ ሰርቨር ከቨርዥን 7 የተነሳ ነው» ስትሉ ውስጡ ምን እንዳለ መክፈት ሳያስፈልጋችሁ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። ቴምፕሌት ስትጠቀሙ «ዲፎልቱን» ወይም «የመጨረሻውን» ቨርዥን ውሰድ ማለት ትችላላችሁ። «የመጨረሻውን» የምትሉ ከሆነ ግን፣ ባልደረባችሁ ለሙከራ የፈጠረው ቨርዥን ገና ሳይፈተሽ ሥራ ላይ ሊነሳ ይችላል። ለዋናው ሥራ ቁጥሩን ራሱን ጻፉ። ቁጥሩን ከ7 ወደ 8 መለወጥ ታስቦበት የሚደረግ ውሳኔ ይሁን።

አሁን ወደ ቴምፕሌቱ ሆድ እንግባ። ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሳ የሚያነበው ጽሑፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈጽመው ክላውድ-ኢኒት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም አማዞን ላይም፣ አዙር ላይም፣ ጉግል ላይም፣ በኦፕንስታክ በተሠሩ ክላውዶችም ይሠራል። ለእኛ ላኪ የሚጻፈው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርግ። የሲስተሙን ቋንቋና የዳታቤዙን አጻጻፍ ዩቲኤፍ-8 አድርግ። አቢሲኒካንና ኖቶን ጫን። የምዝገባውን ፕሮግራም ይህንን ቨርዥን አምጣና አስነሳ። የደኅንነት ማሻሻያዎችን በራስህ ጫን። በቃ። የሦስቱም ችግሮች መፍትሔ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ሰርቨር ሁሉ ከእነርሱ ነፃ ሆኖ ይነሳል።

ይህ ገጽ ጥቂት ኪሎባይት ነው። አማዞን ለዚህ ጽሑፍ የሚፈቅደውም ቢበዛ 16 ኪሎባይት ነው። ከጅማ ሆኖ በደከመ ኢንተርኔት ጊጋባይት ኢሜጅ ወደ ኬፕታውን መላክ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ይህንን ገጽ ግን በስልክ ዳታም በሰከንድ ትልኩታላችሁ። ከባዱን ማውረድና መጫን የሚሠራው ዳታ ሴንተሩ ውስጥ ያለው ሰርቨር ራሱ ነው። መብራት ሄደ፣ ኔትወርክ ተቆራረጠ እያልን ለምንሠራ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን በጭራሽ አትጻፉበት፦ የይለፍ ቃል። ያ ጽሑፍ ሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ ሊነበብ ይችላል፣ አሮጌው ቨርዥንም አብሮ ተቀምጦ ይቆያል። የዳታቤዙ ይለፍ ቃል ክላውዱ በሚያቀርበው የምስጢር ማስቀመጫ ውስጥ ይሁንና ሰርቨሩ ሲነሳ ከዚያ ይጠይቅ። የገበሬው ስምና የማሳው መገኛ የግል መረጃ ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን። ሰርቨሩን የት እንደምትከራዩ ከመወሰናችሁ በፊት አዋጁን አንብቡት፤ የሕግ ሰውም አማክሩ።

ሌላው ሊገባን የሚገባ ነገር፣ ያ ጽሑፍ የሚሠራው ሰርቨሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ብቻ መሆኑ ነው። ቨርዥን 8ን ብታወጡ ከ7 የተነሱት ሰርቨሮች አይለወጡም። ታዲያ ምን ይደረግ? ከ8 አዲስ አስነሱ፣ መሥራቱን አረጋግጡ፣ ሥራውን ወደ እርሱ አዙሩ፣ አሮጌውን አጥፉ። መጀመሪያ ሲሰሙት ያስፈራል፤ ሰርቨር ማጥፋት! ግን ይህ የማያስፈራችሁ ቀን ነው አሠራራችሁ የተስተካከለው። ለዚህ ደግሞ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ መዝገቡ እዚያው ሰርቨር ዲስክ ላይ መኖር የለበትም። ዳታቤዙ ለብቻው ይቀመጥ፣ ባክአፑም ሌላ ቦታ ይሁን። ሰርቨሩ ቢጠፋ የሚጠፋ የገበሬ ስም ካለ፣ ቴምፕሌት ከመጻፋችሁ በፊት መጀመሪያ እርሱን አስተካክሉ።

ከቴምፕሌት ለሚነሳ ሰርቨር የመሞከሪያ ቅጂ ማግኘትም ቀላል ነው። ይህ ለምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ላንሳ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውን የሲስተም ብልሽት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ሌሊቱን ኤቲኤም ላይ ተሰልፈው አደሩ፣ ባንኩም ያለአግባብ የወጣውና የተዘዋወረው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አሳወቀ። ብሔራዊ ባንክ ነገሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። የባንክ ሲስተምና የቡና መዝገብ በክብደትም በውስብስብነትም አይገናኙም። ነገር ግን በሚሠራ ሲስተም ላይ የሚደረግ ለውጥ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ያን ሌሊት አገሩ በሙሉ አይቷል። ከቴምፕሌት የምትሠሩ ከሆነ ለውጡን መጀመሪያ ከዋናው ጋር አንድ በሆነ ቅጂ ላይ ሞክራችሁ፣ ቅጂውን አጥፍታችሁ ወደ ዋናው መሄድ ትችላላችሁ።

ስለ ገንዘብም ላንሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። በዶላር የሚከፈል ሰርቨር ዋጋ ለላኪው በብር ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። የቡና ሥራ ወቅታዊ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር አራት ሰርቨር ይፈልግ ይሆናል፣ ግንቦት ላይ አንድ ትንሽ ይበቃዋል። ሰዎች ግን ሦስቱን የማያጠፉት መልሰው ማቆሙን ስለሚፈሩ ነው፤ «እንደገና ያን ሁሉ ማን ያስተካክላል?» ይላሉ። ቴምፕሌት ያለው ይህ ፍርሃት የለበትም። ጥር ላይ ያጠፋል፣ በመስከረም መጨረሻ መልሶ ያስነሳል።

ከአንድ ሰርቨር ቴምፕሌት አልፋችሁ ኔትወርኩን፣ ዳታቤዙን፣ ፋየርዎሉን ሁሉ በጽሑፍ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ፣ አማዞን የራሱን ክላውድፎርሜሽን ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያቀርባል፤ ቴራፎርም ደግሞ በ2014 ወጥቶ ከብዙ ክላውዶች ጋር ይሠራል። የቴራፎርም ፈቃድ በ2023 ሲለወጥ ኦፕንቶፉ የሚባል ነፃ ቅጂ ወጥቶለታል፤ ለጀማሪ እርሱን እመክራለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የሲስተም ኢሜጅ መለያ ቁጥር ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። አየርላንድ ላይ የሠራ ቴምፕሌት ኬፕታውን ላይ «ኢሜጁ አልተገኘም» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ቁጥሩን የአካባቢው ማድረግ ብቻ ነው። ከአማዞን ወደ አገር ውስጥ ክላውድ ብትሄዱ ደግሞ ቴምፕሌቱ እንዳለ አይሄድም፣ የክላውድ-ኢኒቱ ገጽ ግን አብዛኛው ይሄዳል። ስለዚህ ድካማችሁን እዚያ ገጽ ላይ አውሉት።

እኔን ይህንን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የሰው ነገር ነው። ጅማ በየዓመቱ ጎበዝ ልጆች ታስመርቃለች፤ ብዙዎቹ አንድ ሁለት ዓመት ሠርተው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ይሄዳሉ። ይሂዱ፣ ይቅናቸው። ሰርቨሩን በእጁ ያቆመው ልጅ ሲሄድ ግን እውቀቱን በጭንቅላቱ ይዞት ይሄዳል፤ ቀሪው ሰው ሰርቨሩን መንካት ይፈራል፣ ማሻሻያ ሳይጫንበት ዓመታት ይቆያል። ቴምፕሌት የጻፈ ልጅ ሲሄድ የሚተካው ሰው ገጹን አንብቦ ምን እንደተደረገ ያውቃል። በየመስመሩ አጠገብ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ «ይህ ለደረሰኙ ፊደል ነው»፣ «ይህ ለሌሊት ደረሰኝ ቀን ነው» ብሎ ማስታወሻ ቢተውለት ደግሞ እጅግ ጥሩ።

ስለዚህ ሰርቨር የምትጠብቁ፣ ወይም ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው የቀጠራችሁ ወዳጆቼ፣ ይህንን ሞክሩ። ያለውን ሰርቨር ክፈቱና የተደረገበትን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፉ። ገጹን ቴምፕሌት ውስጥ አስገብታችሁ ሁለት ሰርቨር አስነሱ። በሁለቱም ላይ አንድ የአማርኛና አንድ የቁቤ ስም መዝግቡ፣ ደረሰኝ በፒዲኤፍ አውጡ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተቆረጠ ደረሰኝ ቀኑን ስንት እንደሚል እዩ። የተለያየ ነገር ካገኛችሁ ቨርዥን 2 ጻፉና እንደገና ሞክሩ። ሁለት ትንንሽ ሰርቨሮችን ለአንድ ሰዓት መከራየት ከአንድ ዶላር በታች ነው፤ ቡናው ከመቅላቱ በፊት አድርጉት።